ስለ ትንንሽ ሞተሮች ማስነሻና ስለ ባትሪ መሙያ፤ ባትሪ ከመለወጡ በፊት ሊመረመር የሚገባው ነገር

የውሃ መሳቢያ፥ የእህል ወፍጮና የመብራት ሞተር በኃላፊነት ለያዛችሁ የወረዳ ሹማምንትና ባለ እርሻዎች፤

ክረምቱ አልፎ የመስኖ ሥራ በሚጀመርበት ወራት፥ ይኸውም ከጥቅምት ጀምሮ፥ በጠረጴዛዬ ላይ የሚከማቸው ደብዳቤ አብዛኛው ቃሉ አንድ ዓይነት ነው። «የሞተሩ ባትሪ ስለ ሞተ አዲስ ባትሪ እንዲገዛልን» ይላል። ባትሪው ስለ ምን እንደ ሞተ፥ ማን እንደ መረመረው፥ በምን እንደ ተመረመረ የሚገልጽ ደብዳቤ ግን እጅግ ጥቂት ነው። እኔም ጸሓፊ እንጂ መካኒክ ስላልሆንሁ፥ ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን አንብቤ ለግዢ የሚሆነውን ወረቀት አዘጋጅቼ አሳልፌአለሁ። ይህ ልማድ ስሕተት መሆኑን የተማርሁት ገንዘብ ከጠፋና ችግኝ ከደረቀ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ነገሩን ከነሥሩ እጽፋለሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ወረዳ፥ ስሙን መጥራት በማያስፈልግ የወንዝ ዳር እርሻ፥ በባትሪ የሚነሣ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነበረ። በአንድ የመስኖ ወራት ውስጥ ሁለት ባትሪ ተገዛለት፤ የሁለቱም የግዢ ወረቀት በእኔ እጅ የተጻፈ ነው። ሦስተኛው በተጠየቀ ጊዜ ግን አለቃዬ «ሄደህ በዓይንህ ተመልከት» ብለው ከአንድ መካኒክ ጋር ላኩኝ። በደረስን ጊዜ ሞተሩ ከቆመ ስድስተኛ ቀኑ ነበረ። የሽንኩርቱ ችግኝ ጫፉ ቢጫ ሆኖ በመደቡ ላይ ተኝቷል፤ ባለ እርሻዎቹም ከነልጆቻቸው በባልዲ እየቀዱ ያጠጡ ነበር። ሞተሩ በእጅ የሚነሣበት ገመድ ነበረው፤ ነገር ግን ከተበጠሰ ቆይቷል፥ «ባትሪ አለ» ተብሎም የጠገነው ሰው አልነበረም።

ሞተሩን የሚጠብቅ አንድ ወጣት ወደ እኔ ቀርቦ «ጋሼ፥ ማስነሻውን ስጫን ይህ ጫፍ እጅ ያቃጥላል» አለኝና ከባትሪው ተነሥቶ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረውን ጥቁር ገመድ አሳየኝ። ይህንኑ ቃል አስቀድሞ ለብዙ ሰው ተናግሮ ነበር፤ ዳሩ ግን የዘበኛ ወሬ ነው ተብሎ ሰሚ አላገኘም። መካኒኩ ቡሎኑን ፈትቶ ቢያየው ገመዱ የታሰረው በብረት ላይ ሳይሆን በቀለም ላይ ሆኖ ተገኘ። ሞተሩ ታድሶ ቀለም በተቀባ ጊዜ የገመዱ መታሰሪያ አብሮ ተቀብቷል። ኤሌክትሪክ በቀለም ውስጥ አያልፍም፤ ያልፍ የነበረው ቡሎኑ በቧጨራት ጥቂት ስፍራ ብቻ ነው፤ ብዙ ኃይል በጠባብ ስፍራ ሲጨናነቅ ደግሞ ያ ስፍራ ይግላል።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። ቀለሙ ተፍቆ፥ ገመዱ በንጹሕ ብረት ላይ ተጠብቆ፥ ሞተሩ ከመኪናችን በወጣ ባትሪ ተነሣ። ነገር ግን እየሠራ ሳለ በባትሪው ራስ ላይ የሚለካው ቮልት ምንም አልጨመረም። ሲመረመር የመሙያው ፊውዝ ተቃጥሎ ተገኘ። ጠባቂው በተጠየቀ ጊዜ፥ ሁለተኛው ባትሪ ሲገባ ቀዩና ጥቁሩ ገመድ ተለዋውጦ ታስሮ ትልቅ ብልጭታ እንደ ታየ ተናገረ። እንግዲህ የነገሩ ተራ ይህን ይመስላል፦ የመጀመሪያው ባትሪ ሳይሞት ሞተ ተባለ፤ እርሱን ለመለወጥ በተደረገው ችኮላ መሙያው ተበላሸ፤ መሙያ በማጣት ሁለተኛው ባትሪ በእውነት ሞተ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይህ ነው። በመጋዘን ተጥሎ የነበረው የመጀመሪያው ባትሪ በኋላ ተሞልቶ በተፈተነ ጊዜ ደኅና ነበረ። ለጥገናው ያስፈለገው የሽቦ ብሩሽና አንድ ፊውዝ ነው።

ይህን የመሰለውን ነገር ለመመርመር የመካኒክ ትምህርት የግድ አያስፈልግም፤ የሦስቱን ክፍሎች ሥራ ለይቶ ማወቅ ይበቃል። ባትሪ ጎተራ ነው። ሞተሪኖ፥ ማለት ሞተሩን አዙሮ የሚያስነሣው ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር፥ ከጎተራው የሚበላ ነው። መሙያው ደግሞ አራሽ ነው፤ ሞተሩ ሲዞር ኤሌክትሪክ እያመረተ ወደ ጎተራው ይመልሳል። ጎተራ ባዶ ሆኖ ሲገኝ ጎተራውን መለወጥ እህል አያመጣም፤ ወይ አራሹ አላመረተም፥ ወይ ሌባ ይወስዳል፥ ወይ ጎተራው ራሱ ነቅዟል። የሚያሳዝነው፥ ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው።

ሦስቱም በአንድ ዘመን የተገኙ አይደሉም። እንደገና የሚሞላውን የእርሳስ ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1859 ሠራ። ማግኔት በመዳብ ሽቦ መጠምጠሚያ አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ መወለዱን እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በ1831 አሳይቶ ነበር። ሞተርን በኤሌክትሪክ ማስነሣት ግን በመኪና ላይ በደንብ የተለመደው አሜሪካዊው ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው ማስነሻ በ1912 በካዲላክ መኪና ላይ ከዋለ ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ሰው የሚያስነሣው በማኖቬላ ነበረ፤ ማኖቬላም ወደ ኋላ በመታ ጊዜ ክንድ ይሰብር ነበር።

አሁን ወደ ምርመራው እንግባ። የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞተሩ አይዞርም ወይስ ይዞራል ግን አይነሣም?» የሚል ነው። ሞተሪኖው ሞተሩን በደኅና ፍጥነት እያዞረው አልነሣ ካለ ባትሪውንና ሞተሪኖውን መውቀስ አይገባም፤ ቤንዚኑን፥ ካንዴላውንና የአየር ማጣሪያውን መመልከት ነው። በአንዳንድ የቤንዚን ሞተር ላይ የሞተር ዘይት ያነሰ እንደ ሆነ እሳቱን የሚያጠፋ መሣሪያ አለ፤ ዘይት በመጨመር ብቻ የሚድን ሞተር ስንት ቀን ቆሞ ይሰነብታል! ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን ስለማይዞረው ወይም በድካም ስለሚዞረው ሞተር ነው።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው መሣሪያ ቴስተር የሚባለው የቮልት መለኪያ ነው። ዋጋው ከአንድ ባትሪ ዋጋ እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ፥ ሞተር ባለበት ስፍራ ሁሉ አንድ ሊኖር ይገባል።

ባለ 12 ቮልቱ ባትሪ ስድስት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱ ክፍል ሲሞላ 2.1 ቮልት ያህል ይይዛል። ስለዚህ የሞላ ባትሪ ከሥራ ጥቂት ሰዓት አርፎ ሲለካ 12.6 ወይም 12.7 ቮልት ያሳያል። 12.4 ያሳየ እንደ ሆነ ከአራት እጅ ሦስቱ፥ 12.2 ያሳየ እንደ ሆነ ግማሹ ያህል ቀርቶታል፤ ከ12 በታች የወረደው ባዶ ለመሆን የቀረበ ነው። ባትሪው ሥራ ላይ ከዋለ ወይም ተሞልቶ ከወጣ በኋላ ወዲያውኑ ቢለካ ቁጥሩ ያታልላል። ክዳኑ የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የአሲዱን ክብደት በሚለካው መስታወት እያንዳንዱን ክፍል መመርመር ይበልጣል፤ በሞላ ባትሪ መስታወቱ 1.265 ያህል ወይም ጥቂት ከፍ ያለ ያሳያል። አምስቱ ክፍሎች ተመሳስለው አንዱ ብቻ በ0.050 ወይም ከዚያ በላይ ያነሰ እንደ ሆነ፥ ያ ባትሪ በእውነት ታሟል።

ባዶ ሆኖ የተገኘ ባትሪ ሁሉ ግን የሞተ አይደለም። አስቀድሞ ቀስ ብሎ ይሞላ፤ ከዚያም በሥራ ይፈተን። ፈተናው እንዲህ ነው፦ ሞተሩ በፈተናው ጊዜ እንዳይነሣ፥ የቤንዚን ከሆነ የካንዴላው ገመድ ተነቅሎ ከሞተሩ ብረት ጋር ይያያዝ፥ የናፍጣ ከሆነ የማቆሚያው ዘንግ ይያዝ። አንድ ሰው ማስነሻውን ለ5 ሰከንድ ያህል ሲጫን ሌላው በባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ይለካ። ቮልቱ ከ9.6 በታች ካልወረደ ባትሪው ይችላል። ሞልቶ ሳለ ከዚያ በታች ከወረደ ወይ ባትሪው ደክሟል፥ ወይ ሞተሪኖው ከልክ በላይ ይበላል፤ ይህን ለመለየት ደኅና መሆኑ የታወቀ ሌላ ባትሪ አስገብቶ ማመሳሰል ነው። በብርድ አገር ባትሪ ኃይሉ ያንሳል፤ በደብረ ብርሃን የኅዳር ጧት የደከመ ባትሪ ፀሓይ ከሞቀ በኋላ ደኅና ቢመስል አያስገርምም።

ባትሪው ፈተናውን አልፎ ሞተሩ አሁንም በድካም የዞረ እንደ ሆነ፥ የኤሌክትሪኩን መንገድ መከተል ያስፈልጋል። ይህ ክፍል ብዙ ሰው የሚዘልለው ስለ ሆነ እባካችሁ በትዕግሥት አንብቡት። ኤሌክትሪክ ከባትሪው አዎንታዊ ራስ ተነሥቶ በቀዩ ገመድ ወደ ማስነሻው ረሌ፥ ከረሌውም ወደ ሞተሪኖው ይሄዳል፤ ሞተሪኖውን አዙሮ በሞተሩ አካልና በጥቁሩ ገመድ ወደ ባትሪው አሉታዊ ራስ ይመለሳል። ይህን የመመለሻ መንገድ መካኒኮቻችን ከጣልያንኛ ወስደው «ማሳ» ይሉታል፤ የገበሬ ማሳ እንዳይመስላችሁ። የመሄጃው መንገድ ቢጠራ የመመለሻው ከተዘጋ ምንም አይጠቅምም፤ በዛገት፥ በቀለምና በጭቃ የሚዘጋውም ብዙ ጊዜ ይኸው የመመለሻው ነው።

መንገዱ የሚለካው ሞተሪኖው እየተጫነ ሳለ እንጂ ሥራ ፈትቶ አይደለም። ምክንያቱ ለመስኖ ሰው ግልጽ ነው። በቦይ ውስጥ ድንጋይ ቢኖርና ውሃው ቢቆም ከድንጋዩ በላይና በታች ያለው ውሃ እኩል ሆኖ ይታያል፤ ውሃው ሲለቀቅ ግን በላይ ይከማቻል፥ በታች ይጎድላል። በገመድ ውስጥ ያለ ዝገትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በባትሪው አዎንታዊ ራስ ላይ (በማሰሪያው ላይ ሳይሆን በራሱ በእርሳሱ ላይ) ሌላው ጫፍ ገመዱ በሚገባበት በሞተሪኖው ቡሎን ላይ ተደርጎ ማስነሻው ይጫን። ከ0.5 ቮልት በላይ ያሳየ እንደ ሆነ በዚያ መንገድ ላይ ድንጋይ አለ። ቀጥሎ አንዱ ጫፍ በአሉታዊው ራስ፥ ሌላው ቀለም በሌለበት በሞተሩ ብረት ላይ ይደረግ፤ ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ይፈታ፥ ይፈቅ፥ እንደገና ይጠበቅ። በዚያ በነገርኋችሁ ሞተር ላይ በማሳው በኩል ከ3 ቮልት በላይ ጠፍቶ ነበር፤ አዲስ ባትሪ ቢገባ ያን ያህል ጊዜያዊ ብርታት ከመስጠት በቀር ምን ሊያደርግ ይችላል?

ቴስተር በሌለበት ስፍራ ጆሮና እጅ ይረዳሉ። ማስነሻው ሲጫን ፍጹም ዝም ያለ እንደ ሆነ ቁልፉን፥ ፊውዙንና የገመዶቹን መጋጠሚያ መመርመር ነው፤ በእጅ በሚነዳ ማረሻ ሞተር ላይ ማርሽ ገብቶ ከሆነ እንዳይነሣ የሚከለክል ማብሪያም አለ። «ጠጠጠጠ» እያለ ቢንቀጠቀጥ ባትሪው ባዶ ነው ወይም ማሰሪያው ላልቷል። አንድ ጊዜ «ጧ» ብሎ ቢቀር የረሌው መንካኪያ ተቃጥሎ፥ ወይም ሞተሪኖው ራሱ ተበላሽቶ፥ ወይም ሞተሩ ተይዞ ይሆናል፤ ሞተሩ በገመድ ወይም በእጅ ሲዞር እሺ ካለ አልተያዘም። ሞተሪኖው ብቻውን እየጮኸ ሞተሩ ባይንቀሳቀስ ጥርሱ ወጥቶ ከቮላኖው ጥርስ ጋር አልተያያዘም፤ የሚወጣበት ዘንግ በአቧራና በደረቀ ቅባት ታንቋልና ይጽዳ፥ ወፍራም ግሪስ ግን አይቀባ፤ ግሪስ አቧራን ጠርቶ ያስቀምጣል። እጅን በየመጋጠሚያው ላይ ማስነካትም ደግ ነው፤ የጋለው መጋጠሚያ ጥፋተኛው ነው። ይህን ያ ወጣት ከእኛ ቀድሞ ያውቀው ነበር።

ስለ መሙያው። በብዙ ትንንሽ ሞተሮች ላይ በቮላኖው ውስጥ ማግኔቶች አሉ፤ ከእነርሱ በታች የመዳብ መጠምጠሚያ አለ። ቮላኖው ሲዞር በመጠምጠሚያው ውስጥ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይወለዳል፤ ባትሪ ግን ይህን አይቀበልምና ዳዮድ ወደ አንድ አቅጣጫ ያቀናዋል፥ ሬጉላቶር ያለበት እንደ ሆነም ልኩን ይወስናል። አንዳንዱ ሞተር ደግሞ በቺንጋ የሚዞር ዲናሞ አለው፤ በዚያ ላይ አስቀድሞ የቺንጋውን መላላት ማየት ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በባትሪው ላይ ያለው ቮልት ይጻፍ፤ ተነሥቶ በሥራ ፍጥነቱ ላይ ሳለ እንደገና ይለካ። ሬጉላቶር ባለበት ሞተር 13.5 እስከ 14.7 ቢያሳይ መሙያው ደኅና ነው። ከ15 በላይ ቢወጣ ሬጉላቶሩ ተበላሽቷል፤ የባትሪውን ውሃ አፍልቶ ያደርቃል። አንድ ዳዮድ ብቻ ባለው ትንሽ ሞተር ቁጥሩ ቀስ ብሎ ነው የሚጨምረው፤ ስለዚህ ጥቂት ደቂቃ መጠበቅ ይገባል። ምንም ካልጨመረ አስቀድሞ ፊውዙ ይታይ፤ ከዚያም ከመጠምጠሚያው የሚመጣው ገመድ ተፈትቶ ቴስተሩ በተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ላይ ተደርጎ ይለካ። በዚያ ምንም ካልታየ መጠምጠሚያው ተበጥሷል ወይም ተቃጥሏል፤ በሞተሩ መጽሐፍ የተጻፈው ልክ ከታየ ግን ጥፋቱ የዳዮዱ ወይም የሬጉላቶሩ ነው።

ደኅና መሙያ ያለው ሞተር ባትሪውን በማስነሣት ብዛት አይጨርስም። ሞተሪኖው 100 አምፔር ለ5 ሰከንድ በላ ብንል፥ 3 አምፔር የሚሰጥ ትንሽ መሙያ ይህን በ3 ደቂቃ ያህል ይመልሰዋል፤ የሚባክነው ቢታሰብ እንኳ ከ5 ደቂቃ ብዙም አይበልጥ። እንግዲህ በየቀኑ ለሰዓታት ውሃ የሚስብ ሞተር ባትሪው ባዶ ሆኖ ሲያድር፥ አራሹ አላመረተም ወይም ሌሊት ሌባ ገብቷል ማለት ነው።

ሌባውም ብዙ ጊዜ የተረሳ ቁልፍ ነው። የናፍጣ ሞተር በማቆሚያ ዘንግ ይቆማል፤ ሠራተኛው ሞተሩ ዝም ሲል ሥራው ያለቀ መስሎት ቁልፉን ሳይዘጋ ይሄዳል። ሩብ አምፔር ብቻ የሚበላ አንዲት የምልክት መብራት በ24 ሰዓት 6 አምፔር ሰዓት ትወስዳለች፤ 18 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ በሦስት ቀን ባዶ ይሆናል። ቁልፍ ተዘግቶም ባትሪው ከጎደለ፥ አሉታዊውን ገመድ ፈትቶ አሳድሮ ማየት ነው፤ ተፈትቶ ሲያድር ካልጎደለ ሌባው ከገመዶቹ ውስጥ ነው፤ ተፈትቶም ከጎደለ ጎተራው ነቅዟል።

ይሁን እንጂ የመስኖ ባትሪ የሚሞትበት ዋናው ወራት ሥራ የሌለበት ክረምቱ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም መሳቢያው በሸራ ተሸፍኖ ይተኛል። ያልተነካ ባትሪ እንኳ በወር ከ3 እስከ 5 በመቶ ይጎድላል፤ እንደ አዋሽ ሸለቆ ባለ ቆላ ከዚህ ይብሳል። ባትሪ ጎድሎ ሲቆይ በእርሳሱ ላይ ነጭ ጨው የመሰለ ነገር ይረጋበታል፤ ይህ ነገር ቶሎ ቢሞላ ይሟሟል፥ ለወራት ቢቆይ ግን ደንድኖ አይመለስም። በጥቅምት «ሞተ» የሚባለው ባትሪ እንግዲህ ግማሽ ሆኖ በሰኔ የተተወ ነው። መድኃኒቱ፦ ሥራ ሲያበቃ ባትሪው ከሞተሩ ይውጣ፤ ራሱ ይጽዳ፤ ሞልቶ ደረቅና ነፋሻ ስፍራ ይቀመጥ፤ በየወሩ ይለካ፤ 12.4 በደረሰ ጊዜ ይሞላ። ለዚህ ሥራ አንድ ሰው በስሙ ተጠርቶ ይሾምበት፤ «ሠራተኞች ይጠብቁት» የሚል ትእዛዝ ማንም አይጠብቀውም።

ስለ ጥንቃቄ ጥቂት ልጨምር። ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን የሚባል በእሳት የሚፈነዳ አየር ያወጣል፤ ሲጋራም ኩራዝም ከአጠገቡ ይራቅ። ባትሪ ሲወጣ አሉታዊው ገመድ አስቀድሞ ይፈታ፥ ሲገባ መጨረሻ ይታሰር፤ መፍቻው በስሕተት ብረት ቢነካ ብልጭታ እንዳይወጣ ነው። ቀይና ጥቁር ከመታሰሩ በፊት ምልክቱ ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ ለዓይን ጥቅሻ ያህል እንኳ ቢለዋወጥ ዳዮድ ይቃጠላል። ሞተሩ እየሠራ ሳለ ባትሪውን መፍታት ሬጉላቶርን ይጎዳል። በጎደለው ባትሪ ላይ የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው፤ አሲድም የወንዝ ውሃም አይጨመርም። አሲድ ቆዳ ወይም ዓይን ቢነካ በብዙ ውሃ ሳያቋርጡ ማጠብ፥ ዓይን ከሆነ ወዲያው ወደ ሐኪም መሄድ ነው። ሞተሪኖውንም ከ5 ሰከንድ በላይ አለማስጨነቅ፥ በመካከሉም አንድ ደቂቃ ማሳረፍ ይገባል።

ከዚህ በኋላ አዲስ ባትሪ የሚጠይቅ ደብዳቤ በምትልኩበት ጊዜ አራት ቁጥር ጻፉበት፦ ባትሪው ሞልቶ አርፎ ሲለካ ያሳየውን፥ ማስነሻው ሲጫን የወረደበትን፥ በማሳው በኩል የጠፋውን፥ ሞተሩ ሲሠራ የወጣበትን። እነዚህን ለማግኘት ከባትሪው መሞያና ማረፊያ ጊዜ በቀር ከግማሽ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም፤ ቁጥሮቹ ሲነበቡም ባትሪ ይገዛ ወይስ ፊውዝ ይላክ የሚለው ብዙ ጊዜ ከዚያው ከወረቀቱ ላይ ይታወቃል። በእውነት የሞተው ባትሪ ተገልብጦ እንዳይፈስ በሣጥን ሆኖ ለሚረከበው ሰው በደረሰኝ ይመለስ፤ በውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው። አሲዱ በቦይ ወይም በወንዝ ዳር አይደፋ፤ ባዶው ሣጥንም ለውሃ መቅጃ አይሰጥ።